የብስክሌት መስመር በፌርማታና በመስቀለኛ መንገድ ላይ እንዴት ይለፍ? (ሐዋሳ)

ጥያቄ፦
ሐዋሳ ሜዳማ በመሆኗ ተማሪውም ሠራተኛውም ከድሮ ጀምሮ ብስክሌት ይነዳል። በሰፋፊ መንገዶቻችን ዳር በጠርዝ ድንጋይ የተለየ የብስክሌት መስመር ቢሠራ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ብዙ አያስቸግርም። እኔን የሚያሳስበኝ ሚኒባስና ባጃጅ ሰው ለማውረድ ወደ ዳር የሚጠጉበት ፌርማታ፣ እንዲሁም ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መኪና ቀጥታ የሚሄደውን ብስክሌተኛ የሚያቋርጥበት መስቀለኛ መንገድ ነው። የሙያው ሰዎች ብታብራሩልን።

መልስ 1፦
ስጋትዎ ትክክል ነው፤ መለያው ተቋርጦ ቀለም ብቻ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በእነዚሁ ቦታዎች ነው። በፌርማታ ላይ መስመሩ ከተሳፋሪዎቹ ጀርባ ይለፍ፤ በእሱና በመኪናው መንገድ መካከል ሰው የሚቆምበት፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት ስፋት ያለው ደሴት ይሠራ። እግረኛ ወደ ደሴቱ የሚሻገርበት ቦታ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ከፍ ቢል ብስክሌተኛው ፍጥነቱን ይቀንሳል። መጠለያው ግን እይታ የሚከልል ግድግዳ ሊኖረው አይገባም።

ለመስቀለኛ መንገድ የኔዘርላንድ አሠራር ይጠቅመናል፤ የብስክሌት ማቋረጫው ከዋናው መንገድ ጠርዝ 5 ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ስለሚገባ፣ አሽከርካሪው ታጥፎ ከጨረሰ በኋላ ብስክሌተኛውን በጎን መስታወት ሳይሆን ከፊት ለፊቱ ያየዋል፤ ቆሞ ሲያሳልፈውም ከኋላው ያለውን መኪና አይዘጋም። ማዕዘኑ ላይ የሚቀመጠው ትንሽ ደሴት ደግሞ መታጠፊያውን ስለሚያጠብ በፍጥነት መታጠፍ አይቻልም።

መልስ 2፦
ደሴት የሚበቃ ስፋት በሌለበትስ? በኮፐንሃገን እንዲህ ባለ ቦታ ተሳፋሪው በቀጥታ ወደ ብስክሌቱ መስመር ይወርዳል፤ ብስክሌተኛው ቆሞ የማሳለፍ ግዴታ አለበት። እኛ ዘንድ በደንብ ብቻ መተማመን ለዓይነ ስውር ተሳፋሪ አደገኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በፌርማታው ርዝመት መስመሩ ከፍ ብሎ ይነጠፍ፤ ጠርዙም በእግርና በበትር የሚለይ ሸካራ ንጣፍ ይኑረው።

መልስ 3፦
ባጃጅን ያላሰበ ንድፍ ሐዋሳ ውስጥ አይሠራም። ብስክሌት ብስክሌትን እንዲቀድም መስመሩ 2 ሜትር ቢሰፋ መልካም ነው፤ ነገር ግን የባጃጅ ወርድ 1.3 ሜትር ያህል በመሆኑ ያለ ችግር ይገባበታል። መግቢያው መካከል በማታ የሚያንጸባርቅ አጭር ምሰሶ ይተከል። ባጃጆች ማዕዘኑ ላይ እንዳይቆሙም ከመስቀለኛው መንገድ አልፎ የራሳቸው ማውረጃ ይሰጣቸው። በጠርዝ ድንጋዮቹ መካከል የዝናብ ውኃ መውጫ ክፍተት መተው አለበት፤ አለበለዚያ በክረምት መስመሩ ውኃ ይቋጥርና ብስክሌተኛው ተመልሶ መኪናው መንገድ ላይ ይወጣል።