ግራ ትከሻ፣ 7 ሳምንት ያለ ጎልፍ

ባለ ቦርሳው፦
ጤና ይስጥልኝ። የምመታው በቀኝ ነው፤ ያመመኝ ግን ግራ ትከሻዬ ነው። ዱላው ወደ ኋላ ወጥቶ ጫፍ ሲደርስ ይወጋኛል። ከአዳማ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ መጫወቱን ካቆምኩ 7 ሳምንት ሆነኝ። ሳርፍ ይተወኛል፣ ስሞክር ይመለሳል። ኤክስሬዩ "ምንም የለም" ተባለ። 51 ዓመቴ ነው። ወጌሻ ይሻላል ወይስ መርፌ?

ፊዚዮ ናዝሬት፦
በቀኝ ለሚመታ ሰው በብዛት የሚጎዳው ግራው ነው። ዱላው ጫፍ ሲደርስ ግራ ክንድ ደረትን አቋርጦ ስለሚያልፍ ትከሻ አናት ላይ ያለችው ትንሽ መገጣጠሚያ ትጨመቃለች፣ ከሥሯ ያለው ጅማትም ይወጠራል። ኤክስሬይ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም።

ቤትዎ ይሞክሩት። ግራ እጅዎን ቀኝ ትከሻዎ ላይ አድርገው ክርንዎን ወደ ደረት ይግፉ። ሕመሙ አናቱ ላይ፣ አንድ ጣት በምትሸፍነው ቦታ ከሆነ የምትጠረጠረው መገጣጠሚያዋ ናት። ክንድዎን በጎን ሲያነሱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ አሞ የሚለቅ፣ ወደ ክንድ ጎንም የሚወርድ ከሆነ ጅማቱ ነው። ሰው ሲያነሳልዎ የሚሄድ፣ ሲለቀው ግን የሚወድቅ ክንድ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ውሎ ሳያድር አጥንት ሐኪም ይየው፤ ልምድ ያለው ባለሙያ ካነሳው አልትራሳውንድ ይበቃል። ክርንዎ ጎንዎ ላይ እንደተጣበቀ ሌላ ሰውም ወደ ውጭ ማዞር ካቃተው ደግሞ ትከሻው ደርቋል፤ ስኳርዎን ይለኩ።

ወጌሻውን ይተዉት። ያልወለቀ ትከሻ ምን ሊሆን ይጎተታል?

ሰባት አይረን፦
መርፌው ለጥቂት ሳምንታት ያስታግሳል እንጂ ጅማት አይጠግንም፤ ሲደጋገም ያዳክመዋል። ሕመሙ ጠፋ ብሎ በሳምንቱ ድራይቨር (ረጅሙን የርቀት ዱላ) ማንሳት ነው ትልቁ ጥፋት።

ባለ ቦርሳው፦
ሕመሙ ክንዴ ጎን ላይ ነው፤ ማንሳት አላቃተኝም። ሌሊት ግን ያስነሳኛል።

ፊዚዮ ናዝሬት፦
እንግዲያው የጅማት ነገር ይመስላል፤ ዕረፍት ብቻውን አያድነውም፣ ሥራ ይፈልጋል። ፎጣ ጠቅልለው በክርንና በጎድን መካከል ይያዙ፣ ክርን 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ የእጅዎን ጀርባ በር መቃን ላይ አድርገው ወደ ውጭ ይግፉ። 30 ሴኮንድ፣ 5 ጊዜ፣ በየመሃሉ 1 ደቂቃ ዕረፍት፤ በየቀኑ ለ2 ሳምንት። ከዚያ በላስቲክ (የተቆረጠ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ይሆናል) ያንኑ እንቅስቃሴ በ3 ዙር 15 ጊዜ፣ ቀን እየዘለሉ። ሲመለስ ቀስ ይበል። ፎጣው ከወደቀ ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ሥራውን ቀምቶታል፣ ላስቲኩን ያቅሉ። ሕመሙን ከ10 ሲመዝኑት እስከ 3 ከሆነ ምንም አይደለም፤ በማግስቱ ጠዋት ካልበረደ ግን መጠኑን ይቀንሱ። በአብዛኛው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል።

ሌሊት በቀኝ ጎን ተኝተው ግራ ክንድዎን ትራስ ላይ ያሳርፉ።

የመንገድ ሰው፦
ጋሼ፣ ፈጣን መንገዱን አይርሱት። ማርሹን በቀኝ ሲይዙ መሪው ለግራ እጅ ብቻ ይቀራል፤ መግቢያው ላይ ካርድ ለመቀበል ደግሞ ያንኑ ክንድ በመስኮት ይዘረጋሉ። ወደ ዳሱ በጣም ይጠጉ፣ ቀበቶውንም በቀኝ እጅ ይሳቡ።

ሰባት አይረን፦
ፓት (ኳሷን መሬት ለመሬት ወደ ጉድጓዱ መግፋት) ካላመመዎ ዛሬም ይችላሉ። ላስቲኩ ያለ ሕመም ሲሄድ ቺፕ (አጭር ምት)፤ ቀጥሎ ፒቺንግ ዌጅ (የአጭር ርቀት ዱላ)፣ እጅ ከወገብ ሳያልፍ፣ 20 ኳስ ቀን እየዘለሉ ለ2 ሳምንት። ከዚያ 7 አይረን (የመካከለኛ ርቀት ዱላ)፣ ድራይቨር የመጨረሻው። ሲሚንቶ ላይ ከተነጠፈ ምንጣፍ አይምቱ፤ ዱላው መሬት ሲነካ ንዝረቱ ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው። ኳሷን ቲ (መሬት ላይ የሚተከል የኳስ ማስቀመጫ) ላይ ያስቀምጡ። ዱላው ወደ ኋላ ሲወጣ ግራ ተረከዝዎ ከመሬት ይነሳ፤ ደረት ይበልጥ ሲዞር ክንድ ብዙ አያቋርጥም። ርቀት ትንሽ ቢቀንስም ይቀንስ።