ዩኤስዲቲህን ማን ይያዝልህ፦ ኤክስቼንጁ ወይስ የራስህ ዋሌት?

የክርክሩ ጥያቄ፦ “ቁልፉ በእጅህ ካልሆነ ገንዘቡ ያንተ አይደለም” የሚለው ምክር ለጀማሪ ሁሉ ይሰጣል። ቁልፍ የሚባለው በራስህ ዋሌት (ክሪፕቶ መያዣ አፕ) ያለውን ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ምስጢር ነው። ስልክ ብቻ ላለው፣ ከ50 እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) ለሚይዝ ሰው ምክሩ ይሠራል? ወይስ ከኤክስቼንጅ (ክሪፕቶ የሚያገበያይና ገንዘቡን የሚይዝልህ ኩባንያ) ኪሳራ እናድንህ ብለን በራሱ ስህተት ገንዘቡን እንዲያጣ እያደረግነው ነው? የምትጠቅሷቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሁኑ።

አቤል፦ ምክሩ ይሠራል። ኤክስቼንጅ ላይ የሚታየው ቁጥር ኩባንያው ላንተ ያለበት ዕዳ ነው እንጂ ገንዘቡ ራሱ አይደለም። ኤምቲ ጎክስ የተባለው ኤክስቼንጅ በ2014 ቶኪዮ ላይ ሲከስር 850,000 ያህል ቢትኮይን ጠፋ ተባለ። 200,000ው በኋላ ተገኘ፤ ደንበኞች ግን ድርሻቸውን በቢትኮይን መቀበል የጀመሩት በ2024 ነው። ሌላው ኤክስቼንጅ ኤፍቲኤክስ በኖቬምበር 2022 ሲወድቅ የደንበኞች ሒሳብ የተሰላው በዚያ ቀን ዋጋ ነው፤ ያኔ ቢትኮይን 17,000 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ ዋጋው ስንት እጥፍ ቢወጣ ለደንበኛው አልታሰበለትም። እኛ አገር ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። አካውንትህ ቢታገድ ጉዳይህን ይዘህ የምትሄድበት በር የለም።

ሄለን፦ አቤል፣ ያልከው ሁሉ ተፈጽሟል፤ አልክድም። ግን ጥያቄው የ300 ዶላር ዩኤስዲቲ ባለቤትን ነው የሚመለከተው። ባይቢት የተባለው ኤክስቼንጅ በፌብሩዋሪ 2025 ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኢተር የሚባል ክሪፕቶ ተሰረቀበት። ኩባንያው ጉድለቱን ሞላ፣ ደንበኞችም ገንዘባቸውን ማውጣት ቀጠሉ። በራሱ ዋሌት የነበረው 300 ዶላር ሲሰረቅበት ማን ይሞላለታል?

ተራ ሰው ገንዘቡን የሚያጣባቸው መንገዶች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ዋሌቱ ሲከፈት የሚሰጡትን 12 የመልሶ ማግኛ ቃላት፣ ማለትም ቁልፉን፣ ስክሪንሾት ያነሳል፤ ፎቶው ከጋለሪ ወደ ጉግል ፎቶስ በራሱ ሊጫን ይችላል። በ2025 መጀመሪያ ካስፐርስኪ ያጋለጠው ስፓርክካት የተባለ ቫይረስ ሥራው ይኸው ነበር፦ በጋለሪ ውስጥ ያሉ ምስሎችን እያነበበ የዋሌት ቃላትን ይለቅማል። ያውም ከስቶር ውጭ በወረደ አፕ ብቻ አልነበረም፤ ጉግል ፕሌይና አፕ ስቶር ላይ በነበሩ አፖች ውስጥም ተገኝቷል። ሌላው “ሰፖርት ነኝ” የሚል ሰው በውስጥ መስመር ይጽፍለትና ቃላቱን ራሱ ያስረክባል። እንዲህ ያለውን ሰው “ገንዘብህን ከኤክስቼንጅ አውጣ” ማለት ከዝናብ ወደ ጎርፍ መላክ ነው።

ናሆም፦ ሁለታችሁም ስለ “ዋሌት” ስታወሩ የትኛውን እንደሆነ አልለያችሁም። በ2024 የኖትኮይንና የሀምስተር (ክሪፕቶ የሚሰጡ የቴሌግራም ጨዋታዎች) ጊዜ ብዙ ሰው ዋሌት የከፈተው በቴሌግራም ነው። እዚያ ውስጥ ያለው “ዋሌት” ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ልክ እንደ ኤክስቼንጅ ገንዘቡን ኩባንያው የሚይዝልህ ነው። ሌላው፣ ቶን ስፔስ ይባል የነበረው፣ ቁልፉ በራስህ እጅ የሚሆንበት ነው። የመጀመሪያውን ይዞ “እኔ የራሴ ዋሌት አለኝ” የሚል ሰው ሞልቷል። መለያው ቀላል ነው፦ የመልሶ ማግኛ ቃላት ካላሳየህ ቁልፉ እጅህ ላይ አይደለም ብለህ ተነሳ።

በቶን (የቴሌግራሙ ዋሌት በሚጠቀምበት የክሪፕቶ ኔትወርክ) ላይ ሁለት ነገር ሰውን ያስደነግጣል። አንደኛ፣ ቶንኪፐር በተባለው የቶን ዋሌት ላይ የተፈጠሩ 24 ቃላት አድራሻ የሚያወጡበት ስሌት ከሌሎች ኔትወርኮች ይለያል፤ ይህን ስሌት የማያውቅ ዋሌት ውስጥ ብታስገባቸው አይቀበልህም ወይም ባዶ አድራሻ ያሳይሃል። ያው 24 ቃላት ቪ4 እና ደብሊው5 በሚባሉት የዋሌት ዓይነቶች የተለያየ አድራሻ ስላላቸው ቶንኪፐር ውስጥም ዜሮ ሊታይ ይችላል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ የዋሌቱን ዓይነት መቀየር ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ከራስህ ዋሌት ወደ ኤክስቼንጅ ቶን ስትልክ ሜሞ (ኤክስቼንጁ የሚሰጥህ መለያ) መጻፍ በአብዛኛው ግዴታ ነው። የኤክስቼንጁ አድራሻ የሁሉም ደንበኛ የጋራ ስለሆነ ገንዘቡ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በሜሞው ነው። ከረሳኸው የኤክስቼንጁን የድጋፍ ክፍል ከመለመን ሌላ መንገድ የለህም።

አቤል፦ ናሆም፣ ይሄ የሄለንን ሐሳብ ቢያጠናክርም የኔን አያፈርስም፤ ሰው ከተማረ ይችላል ነው የምለው። ደረጃው ይኸው። አፑን በቀጥታ ከኩባንያው ድረ ገጽ ተነስተህ ፕሌይ ስቶር ላይ አውርድ፤ የሠሪውን ስምና የወረደበትን ብዛት እይ፤ ከቴሌግራም ቻናል ፋይል አትጫን። ቃላቱን ከነተራ ቁጥራቸው በእስክሪብቶ ጻፍ፣ በካፒታል ፊደል፣ በእንግሊዝኛ እንዳሉ። የቃላቱ መዝገብ 2,048 ነው፤ የእያንዳንዱ ቃል የመጀመሪያ 4 ፊደላት ከሌላው ስለሚለዩ ጽሑፉ መጨረሻው ላይ ቢደበዝዝ እንኳ ይነበባል። ሁለት ቅጂ፣ ሁለት ቤት። ከዚያ 5 ዶላር ላክበት፣ አፑን አጥፋው፣ ከወረቀቱ አንብበህ መልሰው። አድራሻው ከበፊቱ ጋር አንድ ከሆነና 5 ዶላሯ ከታየች ሌላውን ላክ። ጠቅላላው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ታደሰ፦ ልጆች፣ እኔ አቤል በመጨረሻ የጠቀሰው ላይ እቆማለሁ። አጥፍቶ መመለስን ያልሞከረ ሰው ምንም ዓይነት የራስ ዋሌት አይያዝ። ምክንያቱም በወረቀቱ ላይ ያለው ስህተት የሚታወቀው ስልኩ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማረሚያ የለም። 12 ቃላት ሲጻፉ አንዱ ቢዘለል አፑ አይቀበልም፤ ሁለቱ ቢዘዋወሩም አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም፤ የመጨረሻው ቃል የቀደሙትን ማረጋገጫ ስለያዘ።

ሌላው የማየው ስህተት “ጥንቃቄ” ተብሎ የሚደረግ ነው። ቃላቱን ስድስት ስድስት አድርጎ ሁለት ቦታ መክፈል። አንዱ ግማሽ ቢቃጠል ሁሉም ጠፋ፤ አንዱን ያገኘ ሌባ ደግሞ የቀረውን የመገመት ሥራው እጅግ ቀለለለት። ሁለት ሙሉ ቅጂ ይሻላል። በቃላቱ ላይ የራስን የይለፍ ሐረግ መጨመርም ለጀማሪ አይመከርም። ሐረጉ ቢሳሳት “ተሳስተሃል” የሚል መልእክት አይመጣም፤ ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፈታል። አንድ ትልቅ ፊደል የረሳ ሰው ገንዘቡ የተሰረቀ ይመስለዋል።

ሄለን፦ ጋሽ ታደሰ፣ እርስዎ ያሉት እኮ የኔው ክርክር ነው። ይህን ሁሉ ለማይፈጽም ሰው ኤክስቼንጅ ይሻለዋል። እሱም ቢሆን በትክክል ከተዘጋጀ ነው። የኤስኤምኤስ ኮድ በቂ አይደለም፤ ሲምህን በስምህ ዳግም ያስወጣ ሰው ኮዱን ይቀበላል፤ ለረጅም ጊዜ ያልተጠቀምክበት ቁጥር ደግሞ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ኦተንቲኬተር አፕ (የመግቢያ ኮድ ስልኩ ላይ የሚያወጣ) ይጫን፤ ሲጫን የሚታየው ረጅም ቁልፍ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ስልኩ ሲሰበር ባለቤቱ ራሱ መግባት ያቅተዋል። የማውጫ አድራሻ ዝርዝር ይከፈት፤ ከዝርዝሩ ውጭ ወደሆነ አድራሻ ገንዘብ እንዳይወጣ፣ አዲስ አድራሻ ሲጨመርም መጠበቂያ ሰዓት እንዲኖር። ኢሜይሉም የራሱ ሁለተኛ መቆለፊያ ይኑረው፤ ኢሜይሉን የያዘ ሁሉንም ይይዛል። አስመሳይ ኢሜይል መለያ ኮድም አለ፤ ከኤክስቼንጁ በሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ ላይ የመረጥከው ቃል ይታያል፤ የሌለበት ደብዳቤ ሐሰተኛ ነው።

ሰሚራ፦ በገልፍ ያሉ እህቶቻችንን የረሳችሁ መሰለኝ። አሠሪዋ ፓስፖርቷን የያዘባት ሴት ኤክስቼንጅ አካውንቷ ሲቆለፍ “ፓስፖርትሽን ይዘሽ ፊትሽን አሳዪ” ትባላለች። ከየት ታመጣዋለች? አገር ስትለቅ የዚያ አገር ሲም ይዘጋል፤ በዚያ ቁጥር የተከፈተ አካውንት አብሮ ሊዘጋባት ይችላል። ስልኳ ቢወሰድ ግን 12ቱ ቃላት ደሴ እህቷ ዘንድ ከተቀመጡ የትም ሆና ገንዘቧን ታገኘዋለች። ለእሷ የራስ ዋሌት ቅንጦት አይደለም።

ሄለን፦ ሰሚራ፣ ይሄንን እቀበላለሁ። ግን ቃላቱን የያዘችው እህት ገንዘቡን ማንሳት ትችላለች፤ ቃላቱን መስጠት ሙሉ ውክልና መስጠት ነው። ደግሞም ወደ ደሴ በስልክ ቢነበቡ ወይም በዋትስአፕ ቢላኩ ጥቅማቸው አበቃ። በእጅ ለሚሄድ ሰው፣ በታሸገ ፖስታ።

ሰሚራ፦ እስማማለሁ። ስለዚህ ዋሌቱ የሚከፈተው ከመሄዷ በፊት፣ እዚሁ አገር ቤት ነው መሆን ያለበት።

ናሆም፦ ብዙ ሰው ዩኤስዲቲ የሚይዘው በትሮን ኔትወርክ ስለሆነ ስለሱ ልጨምር። አድራሻው በቲ ፊደል ይጀምራል። ለመላክ ዩኤስዲቲ ብቻ አይበቃም፣ ትሮን የሚባለው የኔትወርኩ የራሱ ሳንቲም ያስፈልጋል። ተቀባዩ ከዚህ በፊት ዩኤስዲቲ ካለው 65 ሺህ ያህል ኢነርጂ (ኔትወርኩ የሥራውን መጠን የሚለካበት) ይፈጃል፤ ከሌለው እጥፍ፣ 130 ሺህ ገደማ። ኢነርጂ ካልያዝክ ለዚያ የሚበቃ ትሮን ከዋሌትህ ይቃጠላል። 30 ትሮን በዋሌቱ ውስጥ ሁልጊዜ ይኑር፤ ትሮን ጨርሶ የሌለው ሰው 500 ዶላር እያየ አንድ ዶላር መላክ አይችልም።

ስርቆቱም የራሱ ዓይነት አለው። አንደኛው የአድራሻ ማስመሰል ነው፦ ሌባው አንተ ዘወትር የምትልክበትን አድራሻ መጀመሪያና መጨረሻ የሚመስል አድራሻ ፈጥሮ ዜሮ ዶላር ይልክልሃል። ታሪክ ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ ኮፒ ስታደርግ የሱን ትወስዳለህ። አድራሻ ከታሪክ አይወሰድም፤ መሃሉም ይነበባል። ሁለተኛው “ቃላቱ እነሆ፣ 2,000 ዩኤስዲቲ አለበት፣ ማውጣት አቃተኝ” የሚለው ወጥመድ ነው። ቃላቱ እውነተኛ ናቸው፣ ገንዘቡም ይታያል። ግን የአካውንቱ የባለቤትነት ፈቃድ ወደ ሌላ አድራሻ ተቀይሯል፤ አንተ ለክፍያ ብለህ የላክኸውን ትሮን ሌባው ይወስዳል። ያው ፈቃድ የመቀየር ትእዛዝ በሐሰተኛ ድረ ገጽ በኩል አንተንም ሊያስፈርምህ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቃላትህ እጅህ ላይ ሆነው ገንዘቡ አይንቀሳቀስም። አድራሻህን ትሮንስካን (የትሮን አካውንቶች የሚታዩበት ድረ ገጽ) ላይ አስገብተህ የፈቃዱ ክፍል ውስጥ ካንተ ሌላ አድራሻ መኖሩን እይ።

አቤል፦ ሄለን ለጠቀሰችው ባይቢት ልመለስ። ዝውውር የሚያጸድቁት የኩባንያው ፈራሚዎች ስክሪን ላይ ያዩት የተለመደ ዝውውር ነበር፤ የፈረሙት ግን ዋሌቱን ለሌባ የሚያስረክብ ትእዛዝ ነው። የሚፈርሙበትን ገጽ የሚያቀርበው የሌላ ኩባንያ ኮድ ተበክሎ ነበርና። ትልቅ ኤክስቼንጅ ይህ ከደረሰበት “ባለሙያ ይይዝልሃል” የሚለው መተማመኛ የት ላይ ነው? ደንበኞች የተረፉት ኩባንያው የሚሞላበት አቅም ስለነበረው ነው፤ ኤፍቲኤክስ አልነበረውም። ከውጭ ሆነህ የትኛው አቅም እንዳለው አታውቅም።

ታደሰ፦ ይህ ትክክለኛ ነጥብ ነው። እኔ ልኩን በገንዘቡ መጠንና በሚቆይበት ጊዜ አደርገዋለሁ። በሳምንት ውስጥ ተሸጦ ብር የሚሆን ዩኤስዲቲ ኤክስቼንጅ ላይ ይቆይ፤ ማውጣትና ማስገባቱ ክፍያ ብቻ ነው የሚጨምረው። ለወራት የሚቀመጥ ከሆነ በራስ ዋሌት፣ ሐሰተኛ አፕም ጨዋታም በማይጫንበት ስልክ። 1,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ሌጀርን የመሰለ የሃርድዌር ዋሌት፣ ቁልፉን ከስልክ ውጭ የሚይዝ ራሱን የቻለ ዕቃ። ዕቃው ራሱ ዋጋ ስላለው ለ200 ዶላር አያዋጣም።

ሄለን፦ ጋሽ፣ እዚህ አገር በውጭ ዋጋው አይገኝም፤ ማጓጓዣና ቀረጥ አለበት። ሰው የሚሮጠው ወደ ሁለተኛ እጅ ነው።

ናሆም፦ ሁለተኛ እጅ መግዛት የተከለከለ ያህል ይቆጠር። ዕቃው “ተዘጋጅቶ” ከነቃላት ካርዱ ከመጣ ቃላቱን ሻጩም ያውቃቸዋል፤ ገንዘብ እስክታስገባ ይጠብቃል። በ2023 ውስጡ ተቀይሮ የተሸጠ ሐሰተኛ ትሬዞር (ሌላ የሃርድዌር ዋሌት) ተገኝቷል፤ ከውጭ ሲታይ ከእውነተኛው አይለይም ነበር። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከአምራቹ በቀጥታ ገዝቶ ያምጣ፤ ትሮንን የሚደግፍ መሆኑ አስቀድሞ ይታይ። ቃላቱን ዕቃው ራሱ በስክሪኑ ላይ መፍጠር አለበት። እነዚያ ቃላት ከዚያ በኋላ ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም አይጻፉም፤ “ዕቃዎ መታደስ አለበት” የሚል ኢሜይል ወይም በፖስታ የመጣ ደብዳቤ ቢጠይቅ እንኳ። የሌጀር ደንበኞች ስምና አድራሻ በ2020 ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቤታቸው ድረስ የመጣባቸው ሰዎች አሉ።

ሄለን፦ እንግዲህ ልዩነታችን ጠቧል፤ ግን አልጠፋም። መልሶ የመሞከሩን ሥራ ላልሠራ ሰው “አውጣ” አልልም፤ 5,000 ዶላር ቢኖረውም።

አቤል፦ እኔ ደግሞ 5,000 ዶላር ያለውን ሰው ዛሬውኑ ቁጭ ብለህ ሞክር እለዋለሁ። ኤክስቼንጁ ማውጣት ካቆመ በኋላ መማር አይጠቅመውም።