ከወንዝ የተያዘ ዓሣ መግዛት ነውር ነው?

ባለ 20 ጋሎኑ፦
ሰላም ቤቶች። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ከሌሊት ሥራ ስመለስ እንቅልፍ እምቢ ስለሚለኝ አኳሪየሜ ፊት ቁጭ ብዬ ይነጋል። ባለቤቴ "ዓሣ የሚያምረው ተጠብሶ ነው" ትላለች፤ እሷን ተዋት። ቅዳሜ 12 ካርዲናል ቴትራ ልገዛ ሄድኩ። ከላይ ሰማያዊ፣ ከሥር ቀይ የሆነችው ትንሿ ዓሣ። ሻጩ "የእርባታ አይደለም፣ ከብራዚል ከወንዝ የመጣ ነው" ብሎ አሞገሰልኝ። እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ትቼ ወጣሁ። ከቤቱ ተነጥቆ እኔ ሳሎን? ምን ትላላችሁ?

ጥቁር ውሃ፦
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሃል። ከብራዚል ወንዝ የሚያዘው ካርዲናል በብዛት የሚመጣው ሪዮ ኔግሮ የሚባለው ወንዝ ዳር ካለችው ከባርሴሎስ ከተማ ነው። በታንኳ እየሄዱ በትንሽ መረብ ነው የሚይዙት። ወንዙ ሲሞላ ጫካው ውስጥ ይገባል። ሲጎድል ዓሣው በየኩሬው ይቀርና ብዙው ያልቃል። እዚያ ዓመት የሚደፍነው ጥቂቱ ነው፤ የእኔዎቹ አራተኛቸውን ይዘዋል። ደግሞ ሰዎቹ ዓሣውን ሸጠው እንጀራ ካልበሉ የሚቀራቸው እንጨት መቁረጥ ወይም ወርቅ ፍለጋ ነው።

ጨው ውሃ፦
ለካርዲናል ልክ ነህ። ለሁሉም ግን እንዳይመስልህ። በፊሊፒንስና በኢንዶኔዥያ ሳያናይድ የሚባል መርዝ ኮራሉ ላይ (ዓሣው የሚጠለልበት፣ ድንጋይ የሚመስለው ሕይወት ያለው ነገር) ይረጩና ዓሣው ሲደነዝዝ ይለቅሙታል። ሕገ ወጥ ነው፣ ግን አልቀረም። ኮራሉም አብሮ ይሞታል። እኔ አንድ ጊዜ ቀለሙ የሚያበራ የባሕር ዓሣ ገዛሁ። ደህና ይበላ ነበር፣ በአሥረኛው ቀን ተገልብጦ አገኘሁት። በምን እንደተያዘ ባለሱቁን ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀ።
የባንጋይ ካርዲናል የሚባለውን የባሕር ዓሣ ደግሞ (ከቴትራዋ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚገናኘው) ከባሕር የተያዘ ከሆነ አትንኩት። ወንዱ እንቁላሉን አፉ ውስጥ ይዞ ሳይበላ ይከርማል። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉበት ርቀው ስለማይሄዱ፣ አንዱ ቦታ ከተለቀመ ከሌላ መጥቶ የሚተካ የለም። በ2007 አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል። ደግሞ እኮ ቤት ውስጥ ይራባል!

ባለ 20 ጋሎኑ፦
እሺ፣ ነገ ሄጄ ከየትኛው ወንዝ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ባርሴሎስ ካለኝ 12ቱንም።

ጥቁር ውሃ፦
ቆይ፣ የውሃህ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ስንት ነው?

ባለ 20 ጋሎኑ፦
7.8። የቧንቧ ነው።

ጥቁር ውሃ፦
ኧረ በሕግ! የወንዙ ዓሣ የለመደው ለስላሳ (ማዕድን ያልበዛበት) እና አሲዳማ ውሃ ነው፤ ያንተ 7.8 ደግሞ አሲዳማ አይደለም። ለአንተ እንኳ የእርባታው ይሻላል።