አስቸኳይ! አባይ በረሃ ላይ ፍሬን እምቢ አለኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ሹፌሮች። ከደጀን ወርጄ ግማሽ ላይ ቆሜያለሁ። አይሱዙ ነው። የኋላ ጎማው ይጨሳል፣ ሽታው ጋቢና ገብቷል። ፔዳሉ ስረግጠው እስከ ታች ይሰምጣል። ረዳቴ ድንጋይ አስገብቷል። ውሃ ደፍቼበት በእጅ ፍሬን እየያዝኩ እስከ ድልድዩ ልውረድ? ጎሃ ጽዮን በኩል ናዳ አለ የሚሉትስ እውነት ነው? ቶሎ በሉ፣ ስልኬ ሊዘጋ ነው።

ባለ ኤፍኤስአር፦ ጭነት አለህ?

ጠያቂ፦ ጤፍ ነው። ትንሽ በለጥ ብሏል።

ቀልደኛው፦ "ትንሽ" ሲል ረዳቱ ጤፉ ላይ ሆኖ ደመና እየነካ ነው።

የኤንትሬ ዘመን፦ የዘንድሮ ልጅ ቁልቁለት ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ነዳጅ ሊቆጥብ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ይለቀዋል። ቁልቁለት በሚወጣበት ማርሽ ነው የሚወረደው! ደጀንን ሳትለቅ መቀነስ ነበረብህ። ጃፓኖች አዲሱን ድልድይ ሳይሠሩ በፊት ነው እኛ እዚያ የተመላለስነው።

ጠያቂ፦ አባቴ በፎሌ አልወረድኩም። አሁን ምን ላድርግ?

ጋራዥ ነኝ፦ ውሃ እንዳትደፋ! የጋለ ታምቡር፣ ጎማው ውስጥ ያለው የፍሬን ክብ ብረት፣ ይሰነጠቃል። ፔዳሉ የሰመጠው የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ይሆናል። ዘይቱ ሲያረጅ እርጥበት ይስባል፣ ከዚያ ቶሎ ይፈላል። አንድ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። ጎማው ውስጥ በኩል ዘይት ፈሶ እንደሆነ እይ። የእጅ ፍሬን ደግሞ የቆመ መኪና መያዣ ነው። አይሱዙ ላይ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጀርባ ስለሚይዝ፣ እየሄድክ ከጎተትከው እሱም ይቃጠላል። ቢቀዘቅዝም ከነጭነቱ አትውረድ፣ ከደጀን መካኒክ አስጠራ።

ማርቆስ ልጅ፦ ውሃ አትድፋ ወንድሜ። ይቀዝቅዝ።

ባለ ኤፍኤስአር፦ እኔ ግን ጥያቄው አልገባኝም። ጭሱን አፍኖ በሞተሩ የሚይዘው ኤግዞስት ፍሬንህ የት ሄደ?

ጠያቂ፦ ስገዛውም አይሠራም።

ባለ ኤፍኤስአር፦ በቃ! ፍሬን እምቢ አላለህም። የሞተሩን ሥራ ሁሉ የፍሬን ሸራው ላይ ጫንከው፣ ከዚያ ጤፍ ጨመርክበት።

ቀልደኛው፦ አይሱዙን "አልቃይዳ" ያሉት ሰዎች ይቅርታ ሊጠይቁ ነበር፣ ተዉት።

ሚኒባስ፦ ጠዋት ከጎሃ ጽዮን ወርጃለሁ። መንገዱ አልተዘጋም። አንዱ ጎን ሰምጦ እየተፈራረቁ ነው የሚያሳልፉት። ላይኛው ኩርባዎች ላይ ግን ጉም አለ። ስለዚህ ከላይ ራቅ አድርገህ ሶስት ማዕዘን፣ ከሌለህ ቅጠል አስቀምጥ። ጋቢና ውስጥ አትቀመጡ፣ ከመኪናው ፊትም አትቁሙ። የገደሉን ሳይሆን የተራራውን ጎን ያዙ።

ማርቆስ ልጅ፦ ውሃ ደፋህበት እንዴ? መልስ እንጂ።

ጋራዥ ነኝ፦ ስልኩ ተዘግቶ ይሆናል። ደጀን አካባቢ ያላችሁ፣ መካኒክ የሚያውቅ ይላክለት።

አዲስ አባል፦ እኔ ነገ ከማርቆስ በዶልፊን ሚኒባስ እነሳለሁ። የሰመጠው ቦታ ዝቅ ያለ መኪና ያሳልፋል?

ሚኒባስ፦ ያሳልፋል፣ ሌሊት ካልዘነበ። ደጀን ቁርስ ቤቶቹ ጋ ቆመህ ከአዲስ አበባ በኩል የመጡትን ጠይቅ። ከምሽቱ በኋላ ግን አትግባበት።