ዚንክ ኦክሳይድ ላይ አልሙኒየም ጨምሬ ባንድ ጋፑ ሰፋ፣ ሬዚስታንሱ ግን ጭራሽ ባሰበት

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ሆኜ የማስተርስ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ዚንክ አሲቴት ላይ አልሙኒየም ናይትሬት ጨምሬ፣ በሶል-ጄል ዘዴ (ከፈሳሽ ውህድ ተነስቶ) መስታወት ላይ ስስ የዚንክ ኦክሳይድ ሽፋን ሠራሁ፤ 450 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት በተራ አየር ጋገርኩት (መብራት እየሄደ ሁለቴ ደግሜያለሁ)። ምንም ያልተጨመረበት ዚንክ ኦክሳይድ ባንድ ጋፑ (ኤሌክትሮን ነጻ ለመሆን መዝለል ያለበት የጉልበት ክፍተት) 3.27 ኤሌክትሮን ቮልት ነበር፤ 2 ከመቶ አልሙኒየም ሲገባበት 3.33 ሆነ። ነጻ ኤሌክትሮን በዝቶ የኮንዳክሽን ባንዱን (ነጻ ኤሌክትሮኖች የሚገኙበትን የጉልበት ደረጃ) ታች ሞላው፣ ጋፑን ያሰፋው ቡርስታይን-ሞስ የሚባለው ውጤት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ሬዚስታንሱን ስለካው ግን ጨምሮ አገኘሁት። 4 ከመቶው ላይማ መልቲሜትሩ «ኦኤል» (ከመለኪያው አቅም በላይ) ብሎ ቀረ። የኤክስሬይ ዲፍራክሽን (የክሪስታል አሠራር መመርመሪያ) ፒኩም ሰፍቷል፤ ክሪስታሎቹ ሳያንሱ አልቀሩም። የነጻ ኤሌክትሮን ብዛት የሚለካው የሆል መለኪያ የለንም። በዩቪ-ቪዝ (ሽፋኑ ብርሃን የሚመጥበትን መለኪያ) እና በኤክስሬይ ብቻ፣ ጋፑን ያሰፋው የኤሌክትሮን መብዛት ይሁን የክሪስታሉ ማነስ እንዴት ልለየው?