ፖከር ላይ ፍላሽና ስትሬት ማን ይበልጣል? ውርርዱስ እንዴት ነው?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ጓዶች። ደሴ ብርዱ ሲጠና ማታ ማታ ቤት ተሰብስበን ካርታ እንጫወታለን። ኮንከር ሲሰለቸን ፖከር ጀመርን፣ ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን፣ በቆርኪ ነው እንጂ በብር አይደለም። ትናንት ግን ተጨቃጨቅን። መሃል የወጡት 4፣ 9 እና ጃክ ልብ፣ ከዛ 10 እና 8 አበባ ናቸው። እኔ 2 እና 6 ልብ ይዣለሁ። ጓደኛዬ ኩዊን ስለነበረው "ከ8 እስከ ኩዊን ተከታታይ ሠርቻለሁ" ብሎ ቆርኪውን ጠራርጎ ወሰደው። ማን ነው ልክ? ሰው ሲጨምርስ ትንሹ ስንት ነው?

ቦርከና፦
ያሸነፍከው አንተ ነህ ወንድሜ፣ አስመልሰው። የያዝካቸው ሁለቱና መሃል ያሉት ሦስቱ ተደምረው አምስት ልብ ናቸው፣ አምስቱም አንድ ምልክት ሲሆኑ ፍላሽ ይባላል፣ ስትሬትን (አምስት ተከታታይ ካርታ) ይበልጣል። ከ52 ካርታ 2,598,960 ዓይነት አምስት አምስት ካርታ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ስትሬት 10,200 ነው፣ ፍላሽ ግን 5,108 ብቻ። ብርቅ የሆነው ይበልጣል። ከፍላሽ በላይ ያሉት ፉል ሃውስ (ሦስት አንድ ቁጥርና ሁለት ሌላ አንድ ቁጥር)፣ አራት አንድ ቁጥር እና ስትሬት ፍላሽ (ተከታታይም አንድ ምልክትም የሆነ) ናቸው።

እቱ ኮምቦልቻ፦
ውርርዱን እኔ ልንገርህ፣ የጨዋታው ሆዱ እሱ ነውና። ካርታ ከመታደሉ በፊት ከአዳዩ ግራ ያለው ለምሳሌ 5 ቆርኪ፣ ቀጣዩ 10 ያስቀምጣሉ፣ ግዴታ ነው። ሁለት ሁለት ካርታ ይታደላል፣ ከዛ ተራ በተራ ወይ 10ሩን ታሟላለህ፣ ወይ ትጨምራለህ፣ ወይ ካርታህን ትጥላለህ። ስትጨምር ካንተ በፊት የተጨመረውን ያህል ቢያንስ መጨመር አለብህ፦ 10ሩን አንዱ 30 ካደረገው ጭማሪው 20 ነው፣ ስለዚህ ቀጣዩ ልጨምር ካለ ከ50 በታች ማለት አይችልም። ከዛ መሃል ሦስት ካርታ ይገለጣል፣ ከዛ አንድ፣ ከዛ አንድ፣ በየመሃሉ ውርርድ አለ። ማንም ካላስቀመጠ ምንም ሳትከፍል ማለፍ ትችላለህ። ደግሞ ሁሉም ከጣለልህ ካርታህን ሳታሳይ ነው የምትወስደው፣ ባዶ እጅም ቢሆን! በተረፈ 2 እና 6 ይዘህ እስከ መጨረሻ መሄድህን አልወደድኩትም፣ እንዲህ ዓይነቱን ገና ሲታደል መጣል ልመድ።

የጦሳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ እቱ። ቆርኪው ያለቀበት ሰው ይወጣል?

እቱ ኮምቦልቻ፦
አብሽር፣ አይወጣም። የቀረውን 40 ሁሉንም አስቀምጦ ይቆያል። ካሸነፈ ግን ከእያንዳንዱ ሰው የሚወስደው እስከ 40 ነው። ከዛ በላይ የተወራረዱት ለብቻው ይከመራል፣ እሱን የሚፎካከሩበት የቀሩት ብቻ ናቸው። ቆርኪውን ግን በብር እንዳትቀይሩት፣ እባክህ።