የክረምት ንባብ ረቂቅ፦ የታይዋን አሜሪካውያን ልብ ወለድ ለልጆቻችን (ሦስተኛ ዙር)

ጸሐፊው
የታረመው ረቂቅ ይኸው። የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻው አርብ ማታ ይዘጋል። የምንጠይቀው 4,000 ዶላር ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)፣ ከ8 እስከ 11 ዓመት ያሉ 30 የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ልጆች፣ ከጁላይ 11 እስከ ኦገስት 15 ስድስት ቅዳሜ፣ በእያንዳንዱ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት። ልጆቹ የታይዋን አሜሪካዊቷን ደራሲ የግሬስ ሊንን «የውሻው ዓመት» በእንግሊዝኛ ያነባሉ፣ የራሳቸውን ታሪክ ይጽፋሉ፣ የጻፉት ታትሞ ይወጣል። በመዝጊያው ቀን ከሮክቪል የሚመጡ የታይዋን ወላጆች ዳምፕሊንግ (ሙሊቱ በስስ ሊጥ የሚጠቀለል ምግብ) አጠቃለል ያሳያሉ። እርማት ያለው እዚሁ ይጻፍ፤ በስልክ የተነገረኝን አላስገባም።

ሒሳብ ያዥ
አዳራሽ 900፣ መጽሐፍ 270፣ ሁለት አስተማሪ 1,200፣ ሠዓሊ 500፣ ኅትመት 300፣ ምግብ 330፣ መጠባበቂያ 500። ድምሩ 4,000። አምና የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ዘንድሮ ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይከፈልም።

የሮክቪል አባት
የረቂቁ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ «የቻይና ባህል» የሚለው ይውጣ። እንግዶቻችን ይህን ካነበቡ ቅር ይላቸዋል፣ እውነት አላቸው። ታይዋን ከ1949 እስከ 1987 በወታደራዊ ሕግ ሥር ነበረች፤ በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት ውስጥ ታይዋንኛ የተናገረ ተማሪ ይቀጣ ነበር፣ የሚፈቀደው ማንዳሪን (ዋናው የቻይና ቋንቋ) ብቻ ነበር። የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ በሩን ከከፈተ በኋላ አሜሪካ ከገቡት ወላጆች ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ የሚያወሩት ታይዋንኛ ነው። ልጁ ቅዳሜ የሚማረው ግን ማንዳሪን፣ ሰኞ የሚመለስበት እንግሊዝኛ። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ልጅ «ቻይናዊ ነሽ ወይስ ታይዋናዊ?» ስትባል የምትቸገረው ለዚህ ነው። እኛም ዘንድ ቤቱ ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ እየተናገረ አድጎ ቅዳሜ አማርኛ የሚማር ልጅ አለ። ረቂቁ ይህን ይበል።

ጸሐፊው
ተስተካክሏል።

ሰብሳቢው
መጽሐፉ ላይ አንድ ሐሳብ አለኝ። ደራሲዋ በ2010 የኒውበሪ ክብር (የአሜሪካ የልጆች መጻሕፍት ሽልማት) ያገኘችበት ሌላ መጽሐፍ አለ፣ ተራራውና ጨረቃው ያለበት። ገንዘብ ሰጪ ሽልማት ያለው ይወዳል። እሱን ብናደርገውስ?

የመጻሕፍት ክፍል
እሱ ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን አይሆንም። በቻይና ተረት ላይ የተመሠረተ የምናብ ዓለም ነው፤ አሜሪካ የለችበትም፣ በሁለት ባህል መካከል የቆመ ልጅም የለበትም። እኛ የምንፈልገው በ2006 የወጣውን «የውሻው ዓመት»ን ነው። ልጅቷ ኒው ዮርክ ስቴት ውስጥ ትንሽ ከተማ ታድጋለች። ትምህርት ቤቱ ለሚያሳየው «የኦዝ ጠንቋይ» ቴአትር ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ዶሮቲን መሆን ትፈልጋለች፣ የክፍል ጓደኛዋ «ዶሮቲ ቻይናዊ አይደለችም» ትላታለች፣ ወዲያው ተስፋ ትቆርጣለች። በኋላ የታይዋን አሜሪካውያን ልጆች ካምፕ ስትሄድ ደግሞ ቋንቋውን ስለማትችል ይስቁባታል። ለአሜሪካኖቹ አሜሪካዊ አልሆነችም፣ ለታይዋኖቹም ታይዋናዊ አልሆነችም። ልጆቻችን የሚያውቁት ይህንን ነው።

እንዲያውም በ2008 የወጣው ተከታዩ ይጨመር እላለሁ። እዚያ ውስጥ ከውጭ አዲስ የመጣ ልጅ ክፍል ይገባል፣ ሌሎቹ ያሾፉበታል፣ ልጅቷም ከእሱ ጋር እንዳትደመር ትሸሸዋለች። በዲቪ መጥተው በሁለተኛው ወር ቅዳሜ ትምህርት ቤት የገቡትን፣ እዚህ የተወለዱት አጠገባቸው የማይቀመጡላቸውን ልጆች አስቡ። ስለዚህ ነገር በቀጥታ ብንመክራቸው አይሰሙንም፤ ከመጽሐፍ ካነበቡት ግን ራሳቸው ያነሡታል። ሌላ 270 ዶላር ነው። ፎቶኮፒ ማድረግ ክልክል ነው፤ ገንዘቡ ከሌለ ከካውንቲው ቤተ መጻሕፍት ቅርንጫፎች ቅጂ ማሰባሰብ ይቻላል፣ ግን ቀድሞ ማስያዝ ይጠይቃል።

የፊደል መምህርት
የጽሑፉ ክፍል በረቂቁ ላይ በአንድ መስመር ታልፏል፤ እንዲህ ይዘርዘር። የመጽሐፉ አሠራር ቀላል ስለሆነ ልጅ ሊከተለው ይችላል። ከአንድ የጨረቃ አዲስ ዓመት ይጀምርና በሚቀጥለው ያበቃል። ምዕራፎቹ አጭር ናቸው፣ በመሃል እናትየዋ የምትነግረው ታሪክ ለብቻው ይገባል፣ ትንንሽ ሥዕል አለበት። የእኛዎቹ ከእንቁጣጣሽ እስከ እንቁጣጣሽ ይጻፉ። እነሱ በየዓመቱ ስም የሚፈራረቁ 12 እንስሳ እንዳላቸው እኛም አራቱን ወንጌላውያን በየዓመቱ እናፈራርቃለን፤ መስከረም ላይ ዘመነ ሉቃስ ይገባል። የሙስሊም ቤተሰብ ልጆች እንቁጣጣሹን ብቻ ይያዙ።

በሦስተኛው ሳምንት ልጁ አያቱን ወይም እናቱን አምስት ደቂቃ በስልክ ይቅዳ። ከዚያ 150 ቃል በእንግሊዝኛ፣ ሦስት መስመር ደግሞ በገዛ እጁ በፊደል። ከሦስት በላይ አትጠይቁ፤ ልጆቹ 231 ፊደል ቢያውቁም ሲጽፉ ካዕብና ሣልሱ ይምታታባቸዋል፣ ሲደክማቸው ወላጅ ይጽፍላቸዋል። ወላጅ የጻፈው በሁለተኛው ቃል ይታወቃል። ስለዚህ የፊደሉ ክፍል ቤት አይሄድም፣ ክፍል ውስጥ ይጻፋል።

የዊተን ወላጅ
ዳምፕሊንጉ ውስጥ ያለው የአሳማ ሥጋ አይደለም እንዴ?

ሰብሳቢው
ይህ ቀላል ነገር ነው። በዶሮ ይሠራል።

የዊተን ወላጅ
ቀላል አይደለም ጋሼ። እንግዶቹ የራሳቸውን መጥበሻ ይዘው ይመጣሉ ተብሏል። አሳማ የተጠበሰበት መጥበሻ ላይ የእኔ ልጅ አይበላም። የሙስሊሞቹም አይበሉም። ይህን ሳትጠይቁ ነው እንግዳ የጠራችሁት?

ማጀት
ዶሮም አይሆንም። ኦገስት 15 ነሐሴ 9 ነው፣ ፍልሰታ ነው። ፍልሰታን ሕፃናት እንኳ ይጾሙታል። በጾም ዶሮ ስታበስሉ ማን ይመጣል?

ሰብሳቢው
ቀኑን ወደ ኦገስት 1 እናምጣው።

ጸሐፊው
አዳራሹ ተይዟል፤ ቀን ለመለወጥ አዲስ ማመልከቻ ይጠይቃል። ቀን ቢያጥር ደግሞ ስድስቱ ቅዳሜ አራት ይሆናል።

የኮሌጅ ፓርኩ
ስለ ንባብ ልንነጋገር ተሰብስበን ስለ መጥበሻ! ጾም የያዘ አይብላ፣ ያልያዘ ይብላ። ይህ የሰንበቴ ማኅበር አይደለም።

የዊተን ወላጅ
እንዲህ ከሆነ ልጄን ከዝርዝሩ አውጡልኝ፣ መዋጮዬንም መልሱልኝ። ሰንበቴን የመሰለ ማኅበር ስንት ዓመት ስንቱን መገበ፣ እናንተ አንድ ክረምት ማስተማር አቅቷችሁ ትሳደባላችሁ።

ማጀት
ሳምቡሳ ይሠራና ይብቃ። የምስር ሳምቡሳ የጾም ነው፣ ሁሉም ይበላዋል፣ 200 ሳምቡሳ እኔ ከሦስት ሰው ጋር በአንድ ጠዋት እጠቀልላለሁ።

የሮክቪል አባት
ሳምቡሳ ከሆነ የታይዋን ወላጆችን ለምን ጠራናቸው? ተረጋጉ፣ መፍትሔ አለው። ታይዋን ውስጥ ሥጋ የማይበላ ብዙ ሰው አለ፣ በተለይ ቡድሂስቶች፤ የአትክልት ዳምፕሊንግ የእነሱ የራሳቸው ምግብ ነው፣ ለእኛ ሲባል የሚቀነስ ነገር የለውም። የታሸገ ምግባቸው ላይ እንቁላል ያለበትን፣ ወተት ያለበትን፣ ሁለቱም የሌለበትን ለይተው ይጽፋሉ። አጥባቂዎቹ እንዲያውም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም አይበሉም። «የጾም ነው» ብንላቸው ወዲያው ይገባቸዋል። መጥበሻ ግን እኛ እናቅርብ።

የዊተን ወላጅ
መጥበሻው አዲስ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ሶሱስ?

ማጀት
ሶሱን ልንገራችሁ። ሶይ ሶስ ችግር የለውም። የኦይስተር ሶስ ከባሕር እንስሳ ስለሆነ አይገባም። የሩዝ ወይን የሚሉት አልኮል ነው፣ ለሙስሊሞቹ አይሆንም፤ በምትኩ ዝንጅብል ይበቃል። ሊጡን ስትገዙ ክቡን ግዙ፣ ዱቄትና ውሃ ብቻ የሆነውን። አራት ማዕዘኑ የዎንቶን ሊጥ ብዙ ጊዜ እንቁላል አለበት። ጀርባውን ሳያነብ የሚገዛ ሰው አትላኩ።

ለ70 ሰው ስድስት ስድስት ቢደርስ 420 ነው። አንድ እሽግ 50 አካባቢ ይይዛል፣ ዘጠኝ እሽግ። ለእያንዳንዱ 15 ግራም ሙሊት ቢሆን ከስድስት ኪሎ ይበልጣል፦ ጠንካራው ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ) 3 ኪሎ፣ ናፓ ጎመን 5 ኪሎ፣ ደረቅ እንጉዳይ ግማሽ ኪሎ። ጎመኑ ተከትፎ፣ ጨው ተነስንሶበት ሩብ ሰዓት ይቆይና በጨርቅ ይጨመቅ፤ ግማሹ ውሃ ሆኖ ይወጣል። ይህን የዘለለ ሰው ሊጡ ሥሩ ይቀደድበታል፣ መጥበሻው ላይም ይጣበቃል። ሊጡ እርጥብ ጨርቅ ይልበስ፣ አለበለዚያ በአሥር ደቂቃ ጠርዙ ይደርቅና አልጣበቅም ይላል።

የመጻሕፍት ክፍል
የሰሊጥ ዘይት የምትጨምሩ ከሆነ የምዝገባው ቅጽ ላይ የሰሊጥ አለርጂ ይጠየቅ። ደግሞም የሁለተኛው መጽሐፍ ነገር መልስ አላገኘም።

ሒሳብ ያዥ
ሠዓሊው የታለ? ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምጠይቀው። ሽፋኑን እሠራለሁ ብሎ ከተነሣ በኋላ አንድም ቃል አልጻፈም።

የኮሌጅ ፓርኩ
የሚበስለው የት ነው? አዳራሹ ወጥ ቤት የለውም፣ ክፍት እሳትም ክልክል ነው።

ማጀት
በኤሌክትሪክ መጥበሻ።

የኮሌጅ ፓርኩ
እንግዲያው መስመሩን ማወቅ አለብን። አንዱ መጥበሻ 1,500 ዋት ይስባል። ተራው 120 ቮልት 15 አምፔር መስመር 1,800 ዋት ነው፣ ሁለት ከሰካችሁበት ብሬከሩ ይወርዳል። 20 አምፔር ቢሆንም 2,400 ነው፣ ሁለት አይችልም። ጎን ለጎን ያሉ ሶኬቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ መስመር ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ሦስት የተለያየ መስመር እናገኛለን፣ ስለዚህ ሦስት መጥበሻ። አንዱ በአንድ ጊዜ 25 ይይዛል፣ ውሃ ጨምሮ ከድኖ፣ ከዚያ ከፍቶ ማድረቅ 12 ደቂቃ ይወስዳል። 420ው ስድስት ዙር ነው፦ 72 ደቂቃ።

የፊደል መምህርት
30 ልጅ ሁለት ሁለት ደቂቃ ጽሑፉን ሲያነብ አንድ ሰዓት ነው። መጠቅለሉና መጥበሱ ሲጨመር ከሁለት ሰዓት በላይ ሆነ። ማን ነው የሚቀነሰው?

ሰብሳቢው
ስድስት ልጅ ያንብብ፣ የቀሩት ከመጽሐፉ ላይ ይታያሉ።

የፊደል መምህርት
ይህን አልቀበልም። ልጁ ስድስት ሳምንት የለፋው ቆሞ እንዲያነብ ነው። የታተመው ላይ ስሙን ወላጁ ያየዋል፤ ድምፁን ግን አያቱ መስማት አለባት። አንድ ሰዓት ይጨመር፣ 75 ዶላር ነው።

ሒሳብ ያዥ
75ቱ ከመጠባበቂያው ይወጣል። ሦስት አዲስ መጥበሻ ከነመክደኛው 150። ምግቡ 330 ነበር፣ በማጀት ዝርዝር 400 ደርሷል። ሠዓሊው እስከ ነገ ካልመለሰ 500ው ይሰረዛል፤ ከእሱ 220ው ለመጥበሻና ለምግብ ይሄዳል። ቀሪው 280 ነው።

የመጻሕፍት ክፍል
280 ማለት ሁለተኛው መጽሐፍ ማለት ነው። 30 ቅጂ።

ማጀት
ሳህን፣ ጓንት፣ የእጅ መታጠቢያና የበረዶ ሳጥን አልተቆጠረም። ቶፉና እንጉዳዩ በጁላይና ኦገስት ሙቀት መኪና ውስጥ አይቆምም።

ሰብሳቢው
280ው ለማጀት ይያዝ፣ ከተረፈ ወደ መጽሐፍ ይመለሳል።

የመጻሕፍት ክፍል
ከሳህን የተረፈ መጽሐፍ አይገዛም፣ ጊዜው ያልፋል። ስለ ስደተኛ ልጆች የሚጻፍ ሁሉ ምግብና በዓል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ይህ መጽሐፍ የሚበልጠው ምግቡን አስቀምጦ የልጅቷን ሐፍረትም ስለሚናገር ነው። አሁን እኛ ምግቡን ወስደን ሌላውን ልንተወው ነው።

ጸሐፊው
የኅትመቱ ነገር ይለቅ። ያለ ሠዓሊ 32 ገጽ አይሞላም፤ በመሃል የሚሰፋ ቡክሌት በአራት መካፈል ስላለበት ወደ 16 ዝቅ ይላል። ለእያንዳንዱ ልጅ ግማሽ ገጽ ይደርሳል። የእጅ ጽሑፎቹ በ300 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ይቃኙ። የግዕዝ ፊደሉ ፒዲኤፉ ውስጥ መካተቱን ሳታረጋግጡ ወደ ማተሚያ አትላኩ፣ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል።

የፊደል መምህርት
በግማሽ ገጽ 150 ቃልና ሦስት መስመር ፊደል አይገባም። እንግሊዝኛው ወደ 80 ይውረድ። ፊደሉ አይነካም።

ጸሐፊው
እሺ። ረቂቁ ዛሬ ማታ በዚህ መልክ ይሄዳል። የማመልከቻው ርዕስ ገንዘብ ሰጪው በሚመርጠው ቅጽ «የማኅበረሰብ ምግብና ንባብ ቀን» ሆኗል፣ ምክንያቱም ምግቡ አሁን ከመጽሐፉ የበለጠ መስመር ይዟል። የንባብና የጽሑፍ ዝርዝሩ በአባሪ 2 ገብቷል። ሁለተኛው መጽሐፍ በካውንቲው ቤተ መጻሕፍት በኩል ተብሎ ተጽፏል፤ ቅጂ የሚያስይዝ ሰው ስሙን ይስጥ።

የዊተን ወላጅ
ልጄን ወደ ዝርዝሩ መልሱልኝ። መጥበሻውን ስትገዙ አብሬ እሄዳለሁ።

የመጻሕፍት ክፍል
ቅጂውን እኔ አስይዛለሁ። የሚያመላልስ መኪና ያለው ሰው ግን ያስፈልገኛል፣ አራት ቅርንጫፍ ነው።

ማጀት
ለጓንት ልክ የልጆቹን ዕድሜ ላኩልኝ። ሊጡን ከሐሙስ በፊት አትግዙ፤ ከቀዘቀዘበት ወጥቶ ድጋሚ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል።